የኦነሲሞስ ነሲብ የንባብና የጥናት ዘዴ

ኦነሲሞስ ነሲብ (1856 ገደማ–1931፤ በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያለ ተለይቶ ያልተገለጸ ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው) መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱና ከቀደምት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጻሕፍት አንዱን ያዘጋጁ ተርጓሚ፣ መምህርና ሰባኪ ናቸው። አባ ገመቺስ በሚለው ስምም ይታወቃሉ። ስለ ትርጉም ሥራቸው ብዙ ተብሏል። እንዴት ያጠኑ እንደነበር ግን ራሱን ችሎ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም እኚህ ሰው የገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ካደጉ በኋላ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።

የተወለዱት ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በባሪያ ነጋዴዎች ተፈንግለው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸውና በዚያው በምጽዋ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቁ። ቀጥሎም ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐነሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማሩ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ኦሮምኛቸው ከልጅነት አላለፈም። ልጅ የሚያውቀው የቤት፣ የከብትና የጨዋታ ቃል ነው፤ የፍርድ፣ የኀዘን፣ የሽምግልናና የምስጋና ቃል ግን ከጎልማሶች ጋር ተቀምጦ የሚሰማ ነው። ነቢያትንና መዝሙረ ዳዊትን ለመተርጎም የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸኛው ነው። ሴሚናሪው የአተረጓጎም ሥርዓትን ሊያስተምር ይችላል፤ የጎደለውን ቃል ግን ከየትም አያመጣም።

ቃሉ ካለበት አገር ለመግባት ሞክረዋል። ከስዊድን እንደተመለሱ በ1881 በሱዳን በኩል የጀመሩት ጉዞ በወባና በመንገድ መዘጋት ከሸፈ። በ1886 ደግሞ እንጦጦ ከደረሱ በኋላ ከንጉሥ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የማለፊያ ፈቃድ ሳያገኙ ወደ ባሕር ዳርቻው ተመለሱ። ስለዚህ ዘዴያቸው ተገለበጠ። ወደ ተናጋሪው አገር መሄድ ካልተቻለ፣ ከምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ወደነበረው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የደረሰው ተናጋሪ ሁሉ መጽሐፍ ሊሆናቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞዎችን ይቀበል ስለነበር መልካም አጋጣሚ ነበር፤ ባለቤታቸው ልድያ ዲምቦም ከእነዚሁ አንዷ ናት።

ከሁሉም በላይ ግን ሥራውን የለወጠችው አስቴር ጋኖ ናት። የሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ይዟት የነበረች ወጣት ስትሆን፣ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ የጫናትን ጀልባ የጣሊያን መርከብ ያዘውና ምንኩሉ ገባች። አስቴር ሳታቋርጥ በቋንቋው ያደገች በመሆኗ፣ ለኦነሲሞስ የጠፋው ቃል በእሷ ዘንድ ሙሉ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ በ1893 የታተመው ሐዲስ ኪዳን በዚህ መዝገብ እየተፈተሸ የተቃና ነው። 500 ያህል እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖችንም ከትዝታዋ በጽሑፍ አስቀመጠች። የመጻሕፍቱ የርዕስ ገጽ የኦነሲሞስን ስም አጉልቶ ይይዛል። የሥራውን ሂደት ለተከታተለ ሰው ግን ይህ ክብር ለሁለቱ በእኩል ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎችም የአስቴር ድርሻ ከታወቀው እጅግ እንደሚበልጥ ይናገራሉ።

የዘዴው ፍሬ ከምንም በላይ የሚታየው በ1894 በታተመው «ጀልቀባ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ ፊደል ቆጥሮ ንባብ ይቀጥልና ዳዊት ይደግማል፤ የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙ የሚመጣው፣ ከመጣም፣ ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ሥርዓት የሚያስገርም የማስታወስ ኃይል ያሳድጋል፤ ነገር ግን አንባቢው ገጹን ዘልቆ የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ማንበቢያው የሄደበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጁ ከእናቱ ጉያ የሰማውን እንቆቅልሽና ተረት በጽሑፍ ያገኘዋል። ነገሩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አዲስ የሚሆንበት ምልክቱ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ንባብም ጆሮው ወዲያው ይይዘዋል። ዛሬ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚሰጥ ትምህርት የሚነገረው ክርክር አብዛኛው በዚህ አነስተኛ መጽሐፍ ውስጥ በተግባር አለ።

ኦነሲሞስ ባዶ ሜዳ አላገኙም። ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ በነበረ ጊዜ የኦሮምኛ ትርጉም ጀምሮ ነበር፤ በኋላም ደብተራ ዘነብና ከባርነት ነፃ የወጣው ሩፎ የደከሙበት ሐዲስ ኪዳን በ1876 በፊደል ታትሟል። ያ ሥራ በሸዋ አነጋገር ላይ ያረፈ ነው። የኦነሲሞስና የአስቴር ኦሮምኛ ግን ወደ ምዕራቡ ያዘነብላል፤ እሳቸው ከኢሉባቦር፣ እሷ ከሊሙ ወገን መሆናቸው ነው ምክንያቱ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የሉተር ካቴኪዝምም በዚያው ዓመት ወጣ።

በ1904 ከአስቴርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ሲገቡ፣ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ) በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ደግሞ ጠላት አፈራ፤ በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ተፈረደባቸው። ምኒልክ ፍርዱን አላልተው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ስብከቱ ግን ታገደ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የስብከት ፈቃድ ሰጧቸው። ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ። አስቴር እስከ 1964 ኖራለች።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከአዳማና ሞጆ እስከ ባቱና ሻሸመኔ፣ ይህ ቅርስ የሚደርሰው በተጠማዘዘ መንገድ ነው። የአካባቢው ኦሮምኛ የቱለማና የአርሲ አነጋገር በመሆኑ ወለጋ የለመደው ቃል ለአንዳንዱ እንግዳ ይሆናል። ሌላው መሰናክል መጽሐፉ የታተመበት የኢትዮጵያ ፊደል ነው። ፊደል የኦሮምኛን አጭርና ረጅም አናባቢ አይለይም፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅም ምልክት አያደርግበትም፤ አንባቢው ከአገባቡ መገመት አለበት። ቋንቋውን የሚያውቅ ይህን በጆሮው ይሞላዋል፤ ከውጭ የሚማረው ግን ይደናገራል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦሮምኛ ትምህርት በቁቤ (በላቲን ሆሄያት) ስለሚሰጥ፣ የአዳማ ተማሪ የ1899ኙን እትም ማንበብ የሚችለው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ በተማረው ፊደል ነው። የኦነሲሞስን ኦሮምኛ ለማንበብ ኦሮምኛም ፊደልም የሚያውቅ አንባቢ ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ከተሞች ደግሞ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።