አትሌት ጌጤ ዋሚ፦ ከደብረ ብርሃን ደጋ እስከ ዓለም ታላላቅ ማራቶኖች

አትሌት ጌጤ ዋሚ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ በአገር አቋራጭ እንዲሁም በማራቶን ኢትዮጵያን ወክላ በመወዳደር ለአገሯ ከፍተኛ ውጤት ያስመዘገበች፣ ሩጫንም መተዳደሪያ ሙያዋ አድርጋ ለረጅም ዓመታት የዘለቀች ባለሙያ ናት። ይህ ጽሑፍ የሙያ ጉዞዋን ያስረዳል። የተዘጋጀውም በላስታ ላሊበላና በመሰል ደጋማ አካባቢዎች ለሚኖሩ፣ የአትሌቲክስን ሙያ ለመቀላቀል ለሚያስቡ ወጣት ሴቶችና ለወላጆቻቸው ነው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አትሌት ጌጤ በ1974 በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለደች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የላሊበላ ከተማ ከፍታም 2,500 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከከተማዋ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ዓይነቱ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውነት ኦክስጅን የሚያጓጉዙትን ቀይ የደም ሴሎች በብዛት ያመርታል። ይህም ለረጅም ርቀት ሩጫ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ በደጋ የሚወለዱ ሚሊዮኖች ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚበቁት እጅግ ጥቂት በመሆናቸው፣ ከፍታው ብቻውን ሯጭ ያደርጋል የሚለው የተለመደ አባባል ሚዛን አይደፋም።

በመጋቢት 1996 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነች። በዚያው ዓመት በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ፖርቱጋላዊቷን ፈርናንዳ ሪቤሮንና ቻይናዊቷን ዋንግ ጁንሺያን ተከትላ በመግባት የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። በዚህ ውድድር የባርሴሎናዋ ባለድል ደራርቱ ቱሉ አራተኛ ነበረች። በ1999 ደግሞ በቤልፋስት የአገር አቋራጩን ድል ደገመችው፤ በነሐሴ ወርም በስፔን ሴቪያ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትሩን በ30:24.56 በመጨረስ የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን አሻሽላ ወርቅ አጠለቀች። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ከደራርቱ ቱሉ ቀጥላ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ደግሞ ነሐስ በማግኘት በአንድ ኦሊምፒክ ሁለት ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች።

ከእንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ጋር የነበራት ፉክክር ለብቻው ሊነሳ የሚገባው ነው። በሴቪያ ራድክሊፍ በብር ተወስና ነበር። በመጋቢት 2001 በቤልጂየም ኦስተንድ በጭቃ በተሞላው የአገር አቋራጭ መም፣ ቅዳሜ በረጅሙ ርቀት ራድክሊፍ በሦስት ሰከንድ ልዩነት ቀደመቻት፤ በማግስቱ እሑድ በአጭሩ ርቀት ጌጤ በአንድ ሰከንድ ብድሯን መለሰች።

በ2002 በአምስተርዳም የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች። ከዚያም ወልዳ የእናትነት ጊዜዋን ካሳለፈች በኋላ ወደ ውድድር ተመለሰች። በወቅቱ ብዙዎች ወሊድን የሴት ሯጭ የሙያ ማብቂያ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። የጌጤ ፈጣኑ የማራቶን ሰዓት ግን የተመዘገበው ከወለደች በኋላ ነው፤ ይኸውም በመስከረም 1999 ዓ.ም. (በ2006) በበርሊን ስታሸንፍ ያስመዘገበችው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ነው። በዚያው ዕለት በወንዶች ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር።

ከሙያ አንጻር እጅግ አስተማሪው ምዕራፍ የ2006 እና የ2007 የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች የነጥብ ውድድር ነው። ለአንደኛ 25፣ ለሁለተኛ 15፣ ለሦስተኛ 10 ነጥብ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በሁለቱ ዓመታት ድምር መሪ የሆነችው ሴት 500,000 የአሜሪካ ዶላር ታገኛለች። ጌጤ በበርሊን 2006 አሸንፋ፣ በለንደን 2007 ሁለተኛ ወጥታ፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ ሚሌኒየም በተቀበልን በሦስተኛው ሳምንት በበርሊን ድሏን ደግማ 65 ነጥብ ሰበሰበች። ተከታይዋ የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ 55 ነጥብ ይዛ ኒውዮርክን ትጠባበቅ ነበር። ፕሮኮፕቹካ የቀደሙትን ሁለት የኒውዮርክ ማራቶኖች ያሸነፈች በመሆኗ፣ በዚያም አንደኛ ወይም ሁለተኛ ብትወጣ መሪነቱን ትወስዳለች።

በአንድ ማራቶንና በሚቀጥለው መካከል አሠልጣኞች በወራት የሚቆጠር ዕረፍት ይመክራሉ። ጌጤ ግን ከበርሊን በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24 ቀን፣ ኒውዮርክ ላይ ተሰለፈች። አቋሟ ቢወርድ ወይም ብትጎዳ የሁለት ዓመት ልፋቷ ለአደጋ ይጋለጥ ነበር፤ ብትቀር ደግሞ ዕጣዋን ለሌላዋ ሯጭ እግር መተው ነበር። ነጥቡን ለማስጠበቅ ፕሮኮፕቹካን ብቻ መከታተል በበቃት ነበር። እርሷ ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወልዳ ከተመለሰችው ራድክሊፍ ጋር እስከ ሴንትራል ፓርክ ጎን ለጎን ሮጠች፤ ፍጻሜው ሲቃረብ ቀድማ ብትወጣም ራድክሊፍ መልሳ አለፈቻት። ጌጤ በ23 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች፤ ፕሮኮፕቹካ ሦስተኛ ገባች። በድምሩም ጌጤ በ80 ነጥብ በ65 በልጣ የመጀመሪያዋ የውድድሩ ባለድል ሆነች።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚሹ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ውድድር ጀምረው በወረዳና በዞን የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በኩል ለክልል ውድድሮች ይመረጣሉ፤ ጥሩ ውጤት ያላቸው ወደ ማሠልጠኛ ማዕከላትና ወደ ክለቦች ይገባሉ። ክለብ ለአትሌቷ ደመወዝ፣ አሠልጣኝና የውድድር ዕድል ስለሚሰጥ፣ በርካታ የአገራችን ሯጮች የመጀመሪያ ገቢያቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። ውል ከመፈረም አስቀድሞ ስለ ጉዳት፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ ምን እንደሚል ማንበብ፣ ማንበብ ለማይችል ቤተሰብም በሚታመን ሰው ማስነበብ ተገቢ ነው።

የውጭ አገር ውድድር የሚያመቻቹ ወኪሎች የታወቀ ፈቃድ ሊኖራቸውና ከአትሌቷ ጋር በጽሑፍ ሊዋዋሉ ይገባል፤ የወኪሉን ሕጋዊነት የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በመጠየቅ ማረጋገጥ ይቻላል። የሽልማት ገንዘብ በአብዛኛው የሚከፈለው የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ውጤት ከታወቀ በኋላ በመሆኑ፣ ገንዘቡ ወዲያው እንደሚገኝ ቆጥሮ መበደር አይመከርም። በሰውነቷ ውስጥ ለሚገኝ የተከለከለ ንጥረ ነገር ተጠያቂዋ ራሷ አትሌቷ ናት፤ ሐኪም ያዘዘው ነው ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣትም። ስለዚህ ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት የኢትዮጵያ ፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣንን ማማከር፣ ለሕክምና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም የአጠቃቀም ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርባታል።