ዕቅፍ የተነፈጋቸው ሕፃናት፦ የሰው ገላና የጭንቀት ሆርሞን በታሪክ መዝገብ

በ1915 የኒው ዮርኩ የሕፃናት ሐኪም ሄንሪ ድዋይት ቻፒን ለሙያ ባልደረቦቹ አንድ ዘገባ አቀረበ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዘገባው በአሜሪካ ከተሞች ስለሚገኙ 10 የሕፃናት ማሳደጊያዎች ነበር። እንደ ዘገባው ከሆነ፣ ከአንዱ በቀር በሁሉም ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የነበሩት ሕፃናት አልቀዋል። ቻፒን ሕፃናቱ ከማሳደጊያ ወጥተው ወደ ቤተሰብ እንዲላኩ ለዓመታት ተሟገተ።

በዚያ ዘመን ሐኪሙን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ጀርም ነበር። ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። ተቅማጥ፣ ዲፍቴሪያና የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፉ ነበር፤ አንቲባዮቲክም ገና አልተገኘም። ከዚህ የተነሣ ንጽሕናን መጠበቅና ሕፃንን ከሰው መለየት እንደ አንድ ነገር ታዩ። የሕፃናት ሐኪሙ ሉተር ኤሜት ሆልት በ1894 ያሳተመው፣ ለአሥርት ዓመታት የአሜሪካ እናቶች መመሪያ የሆነው መጽሐፍ ሕፃን መሳም በሽታ ያስተላልፋል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እያወዛወዙ ማስተኛትንም አይደግፍም። በ1928 የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ዋትሰን ክልከላውን ከጤና ወደ ጠባይ አሻገረው። የእናት ፍቅር ሲበዛ ልጅን ያበላሻል ብሎ ያምን ስለነበር፣ ወላጆች ልጃቸውን ከማቀፍ ይልቅ ጠዋት ጠዋት እጁን እንዲጨብጡት መከረ። ለምክሩ ያቀረበው ማስረጃ ስስ ነበር፤ ተሰሚነቱ ግን ሰፊ ሆነ።

ክልከላው ላይ ጥያቄ የተነሣው በዚያው በሆስፒታል ውስጥ ነው። በኒው ዮርክ ቤሌቪው ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምናን የመራው ሃሪ ባክዊን በ1942 ስለ ሕፃናት ብቸኝነት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከተላላፊ በሽታ ለመጠበቅ ተብሎ ለየብቻ የተከለሉት ሕፃናት በቂ ምግብ እያገኙ ክብደት አይጨምሩም ነበር፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ቶሎ ያገግሙ ነበር። ባክዊን ነርሶች ሕፃናቱን እንዲያቅፉና እንዲያጫውቱ አዘዘ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ አንድ ሕፃን እንዲያነሣ የሚያሳስብ ማስታወቂያም አሰቀለ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ትውልደ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሬኔ ስፒትዝ የበለጠ የሚያስደነግጥ ንጽጽር አቀረበ። በአንድ ወገን የታሰሩ እናቶች ራሳቸው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት የእስር ቤት የሕፃናት ማቆያ ነበር። በሌላ ወገን ንጹሕና ምግብ ያልጎደለበት የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ እዚያ ግን ጥቂት ነርሶች ብዙ ሕፃናትን ይጠብቃሉ፤ በአልጋዎቹ ጎን አንሶላ ስለተጋረደ ሕፃናቱ የሚያዩት ጣሪያውን ብቻ ነው። በማሳደጊያው ከነበሩት 91 ሕፃናት 34ቱ ሞቱ፤ በእስር ቤቱ አንድም አልሞተም። በሕይወት ከተረፉት ብዙዎቹ አያለቅሱም፣ አይስቁም፣ ለሚጠራቸው አይመልሱም ነበር። ይህን ማስረጃ ያለ ጥንቃቄ መቀበል ግን አይገባም። ስፒትዝ ቦታዎቹን በስም አልገለጸም፤ በ1955 ሳሙኤል ፒኖ የተባለ ተመራማሪ የመረጃ አያያዙን ክፉኛ ነቅፏል። ስፒትዝ ለታሪክ የተወው የተረጋገጠ መልስ ሳይሆን ሊታለፍ የማይችል ጥያቄ ነው፦ ምግብና ንጽሕና እያላቸው ሕፃናቱ ምን ጎደላቸው?

የመልሱ አንድ ክፍል በሌላ መንገድ ይመጣ ነበር። በ1936 በሞንትሪያል፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪው ሃንስ ሴልዬ ብርድም ሆነ ጉዳት ወይም መርዝ የደረሰባቸው አይጦች ሰውነት ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ ያብጣል። ከዚህ ዕጢ ከሚመነጩት ሆርሞኖች አንዱ ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል ጠላት አይደለም። ጠዋት ከፍ ብሎ ያነቃናል፤ ወደ ማታ ዝቅ ይላል፤ አደጋ ሲመጣ ጉልበት ይለቃል። ጉዳት የሚመጣው ሥርዓቱ ሲዛባ ነው። በ1957 ሲሞር ሌቪን በጨቅላነታቸው በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በእጅ የተያዙ አይጦች አድገው ጭንቀትን የተሻለ እንደሚቋቋሙ ዘገበ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። በ1997 በዚያው በማክጊል የማይክል ሚኒ ቡድን የእናቲቱን ድርሻ አሳየ፤ እናታቸው አብዝታ የላሰቻቸው ግልገሎች የጭንቀት ሆርሞናቸው መጠነኛ ሆነ። ግልገሎችን ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ በማዛወር በተደረገ ቀጣይ ሙከራም፣ ጉዳዩ የዘር ብቻ ሳይሆን የአስተዳደግ መሆኑ ታየ።

አይጥ ግን አይጥ ነው። ይህ የአስተዳደግ ተጽዕኖ በሰው ልጅ ላይ የታየው በአሳዛኝ መንገድ፣ በሮማንያ ነው። የአገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1966 ባወጣው አዋጅ ውርጃን አገደ፤ ድሃ ወላጆች ማሳደግ ያቃታቸውን ልጆች መንግሥት በማሳደጊያዎች አከማቸ። አገዛዙ በታኅሣሥ 1989 ሲወድቅ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ልጆች በእነዚህ ቤቶች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ሜሪ ካርልሰንና ፌልተን ኧርልስ በማሳደጊያ ያሉ ሕፃናትን ምራቅ በቀን በተለያየ ሰዓት እየወሰዱ ኮርቲሶልን ለኩ። ያገኙት ብዙዎች የሚጠብቁትን ከፍ ያለ መጠን አልነበረም። የጠዋቱ ከፍታ ጠፍቶ፣ የቀኑ መውጣትና መውረድ ደብዝዞ ነበር። በኋላ በቡካሬስት 136 ልጆች የተካተቱበት ጥናት ግማሾቹን በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አሻገረ። በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት፣ በማሳደጊያ የቆዩት በ12 ዓመታቸው አካባቢ ለጭንቀት የሚሰጡት የሰውነት ምላሽ የደነዘዘ ነበር፤ ገና በጨቅላነታቸው ቤተሰብ ያገኙት ግን በወላጅ ቤት ወዳደጉት ልጆች ቀርበዋል።

ሮማንያ የእጦቱን ዋጋ ስታሳይ፣ ቦጎታ የመመለሻውን መንገድ ቀድማ አሳይታ ነበር። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሚገኘው የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ኢንኩቤተር አንሶ ሕፃናት በአንዱ ተደራርበው ይተኙ፣ በተላላፊ በሽታም ይሞቱ ነበር። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ቀጥ አድርገው እንዲታቀፉ አደረገ። የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለው ዘዴ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ዘዴው አዲስ አበባም ደርሷል። የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች የሆኑ 123 ሕፃናትን በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታተለ። በካንጋሩ ዘዴ ከተያዙት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት 38 በመቶ ሞቱ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በ3,211 ሕፃናት ላይ ያካሄደው ጥናት፣ ዕቅፉ ከተወለዱ ወዲያው ሲጀመር ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ልዩነቱ ግልጽ በመሆኑ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ። ይህ ሁሉ የሆርሞን ሥራ አይደለም፤ ሙቀት፣ የእናት ጡትና ከተላላፊ በሽታ መጠበቅ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። አንዴ መታቀፍ ጭንቀትን ያጠፋል የሚል ቃል በውስጡ የለም፤ የሚመሰክረው ዘወትር ስለሚገኝ፣ ስለማይለዋወጥ ሰው ዕቅፍ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሕፃንን ከእናት መለየት በቂ ማስረጃ ሳይቀርብበት ሕግ ሆነ፤ ዕቅፍ ግን ወደ ሆስፒታል ለመመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ማስረጃ ተጠየቀ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ያው ፍርሃት ተመለሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ሕፃን አብረው እንዲሆኑ እየመከረ፣ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ለዩዋቸው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታው መዞር አለበት። ሕፃንን ከዕቅፍ ማውጣት የሚፈልግ ሐኪም፣ ሆስፒታል ወይም መንግሥት አስቀድሞ ምክንያቱን ያስረዳ፤ እስኪያስረዳ ድረስ ሕፃኑ ከእናቱ ደረት አይነሣ።