ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ፣ የበረራው ሰዓት እና ጤናዎ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለማረፍ ሲበር 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ግን ጉዞው ይረዝማል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ በመካከል አርፎ ነዳጅ ሊሞላ ይችላል፤ ያኔ ጉዞው 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሆናል።

የሰዓት ልዩነቱ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው።

ረጅም መቀመጥ ምን ያስከትላል?

እግር ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ደም በባት ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ሆኖም ለጤነኛ ሰው አደጋው ከ6,000 ተጓዦች በ1 ሰው ላይ የሚደርስ ነው።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው

• ከዚህ በፊት ደም የረጋባቸው
• በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ
• ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ
• የካንሰር ሕመምተኞች
• ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ
• ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የመተላለፊያው ጠርዝ ላይ ያለውን ወንበር ይጠይቁ፤ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ።
• ተቀምጠው ሳሉ ተረከዝዎንና የእግር ጣቶችዎን በየተራ ከፍ ዝቅ ያድርጉ።
• ውሃ ይጠጡ። ብዙ አረጋውያን መጸዳጃ ቤት መመላለስን ወይም አጠገባቸው ያለውን ሰው ማስቸገርን ፈርተው ውሃ ይተዋሉ፣ ከወንበራቸውም አይነሱም። ወላጆችዎን የሚሸኙ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።
• መድኃኒትዎን በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ኢንሱሊን በጭነት ክፍል ውስጥ ወደ በረዶነት ቢለወጥ ይበላሻል። ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ቀኑ ስለሚረዝም የኢንሱሊን መጠንና ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ።
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አይውሰዱ። እግርን የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይጠይቁ።

መቼ ወደ ሕክምና ይሂዱ?

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ባትዎን ካመመዎት በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት፣ ሲተነፍሱ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ አሜሪካ ከሆኑ ወደ 911፣ ኢትዮጵያ ከሆኑ ወደ 907 ወዲያውኑ ይደውሉ። ምልክቶቹ ከጉዞው ሳምንታት በኋላም ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ለሐኪሙ ረጅም በረራ እንደነበረዎት መንገር አይርሱ።