ኳሷን እሹሩሩ ማለት

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ጨዋታ እየተማርኩ ነው። በረዳትነት የምሠራበት የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የስፖርት መምህሩ አንድ ሰው ጎደለበትና ጫፉ ላይ መረብ ያለው ዱላ አስጨበጠኝ። ላክሮስ ይሉታል። እዚህ ግዛት ከ2004 ጀምሮ (ዘመኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አንብቡልኝ) በሕግ የታወቀ የቡድን ስፖርት ነው።

ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። አንድ እጅ ከዱላው ግርጌ፣ ሌላው ከፍ ብሎ። መሬት ላይ ያለችውን ኳስ ለማንሳት ጉልበትህን አጥፈህ፣ ወገብህን ዝቅ አድርገህ፣ ሳትቆም በመረቡ ትዝቃታለህ። ከዚያ ስትሮጥ እንዳትወድቅ ዱላውን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዝክ ትይዛታለህ። ስሙን ያወጡለት ሕፃን ከማባበል ነው፤ በልቤ "እሹሩሩ ነዋ!" አልኩ። የእኔዋ ሕፃን ግን አልተኛችም፤ እየወደቀች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳቁብኝ።

መጨረሻ ላይ አንዱ ልጅ "ይሄን ጨዋታ ማን ፈጠረው?" ብሎ ጠየቀ። መምህሩ "ኢንዲያኖች" አለና ፊሽካውን ነፋ። በቃ፣ አንድ ቃል። የታሪክ አስተማሪ ነገር፣ አላስችል አለኝ።

ባለቤቶቹ ብዙ ሕዝቦች ናቸው። ከነሱ ዋነኞቹ ራሳቸውን ሆዲኖሾኒ ይላሉ፤ ፈረንጆቹ ኢሮኮይ ያሏቸው፣ የሞሃውክ፣ የኦናይዳ፣ የኦኖንዳጋ፣ የካዩጋ፣ የሴኔካና የቱስካሮራ ኅብረት። ዛሬም በኒውዮርክ ግዛትና በካናዳ ይኖራሉ። ለነሱ ጨዋታው ከፈጣሪ የተሰጠ ነው፤ ለታመመ ሰው መድኃኒት ይሆናል ብለው ይጫወቱታል። ወንድ ልጅ ሲወለድ ትንሽ ዱላ ይሰጠዋል፣ ሲሞትም ዱላው አብሮት ይቀበራል።

"ላክሮስ" የሚለውን ስም ያወጡለት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1860ዎቹ ደግሞ ዊልያም ጆርጅ ቢርስ የሚባል የሞንትሪያል የጥርስ ሐኪም ሕግ ጻፈለት፣ የቆዳውን ኳስ በጎማ ለወጠው። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1880 የካናዳ ማኅበር ባለቤቶቹን ከውድድር አገደ። ምክንያቱ ገንዘብ ተቀብለው ይጫወታሉ የሚል ነበር። ጨዋታውን የሰጡት ሰዎች ከሜዳው ውጭ ቀሩ።

በ1983 የራሳቸውን ብሔራዊ ቡድን አቋቋሙ፤ በ1990 አውስትራሊያ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ተሰለፉ። በ2010 ውድድሩ እንግሊዝ ማንቸስተር ሲሆን ግን በሆዲኖሾኒ ፓስፖርት አትገቡም ተባሉ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት መያዝ ይችሉ ነበር። እንቢ አሉ፤ ውድድሩም አመለጣቸው። ላክሮስ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ወደ ኦሎምፒክ ይመለሳል፤ ዛሬም ጥያቄያቸው ያው ነው፦ በራሳችን ባንዲራ እንሰለፍ።

ይህን ሳነብ አመሸሁና በሰው ልፈርድ ስል የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

አገር ቤት ሳስተምር በስፖርት ክፍለ ጊዜ መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ነበር። ገናስ? የቆለመመ ዱላ፣ ሩር፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚጋፉበት ሜዳ? ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ይባስ ብሎ አንድ ታኅሣሥ ላይ አንድ ተማሪ የገና ዱላውን ይዞ ሲመጣ በር ላይ የቀማሁት እኔ ነኝ። "ዱላ ይዘህ ነው ትምህርት የምትማረው?" አልኩት። አባቱ እንደቆረጠለት ሊነግረኝ ሞከረ፤ አልሰማሁትም። ዱላው ስቶር ውስጥ ተጣለ፣ እዚያው ቀረ።

የኛን ጨዋታ ማንም ባዕድ አልከለከለንም። በር ላይ የቆምነው እኛው ነን።

ያ ልጅ (አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል) ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። የስፖርት መምህሩን ለምኜው ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል፤ ልጆቹ ዱላውን ከመያዛቸው በፊት የማን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ይሄ መሆን ነበረበት።

እናንተም እስኪ፣ በሰፈራችሁ ሩር ከምን ይሠራ ነበር? የምታስታውሱ ጻፉልኝ፤ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።