በጉልምስና ዕድሜ ወደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ መመለስ

በጉልምስና ዕድሜ ወደ አካል ብቃት እንቅስቃሴ መመለስ ማለት በወጣትነቱ ኳስ ይጫወት፣ ይሮጥ ወይም በእግሩ ብዙ ይጓዝ የነበረ ሰው ለዓመታት ካቋረጠ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ እንቅስቃሴን እንደገና መጀመሩ ነው። ለማቋረጥ ምክንያት የሚሆኑት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ፣ መኪና፣ ልጅ ማሳደግና ሕመም ናቸው። ብዙዎችን እንዲመለሱ የሚያነሣሣቸው ደግሞ የደም ግፊት ወይም የስኳር ምርመራ ውጤት፣ ደረጃ ሲወጡ የሚሰማ የትንፋሽ ማጠር፣ አንዳንዴም የእኩያ ድንገተኛ ሞት ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከጠፋው አቅም ብዙው ሊመለስ ይችላል፤ አደጋው የሚበዛው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው።

በሰውነት ላይ የሚደርሰው ለውጥ

የአንድ ሰው የጽናት አቅም የሚለካው ሰውነቱ በከፍተኛ ጥረት ጊዜ በደቂቃ ሊጠቀምበት በሚችለው የኦክስጅን መጠን ነው። ይህ መጠን ስፖርት በማይሠሩ ሰዎች ከ30 ዓመት ገደማ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ጡንቻም እየሳሳ ይሄዳል። ከፍተኛው የልብ ምትም ከዕድሜ ጋር ዝቅ ይላል፤ ይህኛው በልምምድ አይመለስም። የተለመደው ስሌት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ሲሆን ለ50 ዓመት ሰው 170 ይሰጣል። ስሌቱ ግምት ብቻ ስለሆነ የአንዱ ሰው ምት ከሌላው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል።

ከዚህ መቀነስ ምን ያህሉ የዕድሜ፣ ምን ያህሉ የመቀመጥ ውጤት እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዳላስ ጥናት ነው።

የዳላስ ጥናት

በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በዳላስ ከተማ፣ ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ የሆኑ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ስዊድናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቤንግት ሳልቲን ነበር። ወጣቶቹ ሲነሡ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ቀጥሎ በተሰጣቸው የስምንት ሳምንት ልምምድ ግን ከመተኛታቸው በፊት ከነበሩበት የተሻለ አቅም ላይ ደረሱ።

ከ30 ዓመት በኋላ አምስቱም እንደገና ተፈልገው ተመረመሩ። 50 ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ወፍረዋል፣ የሰውነታቸው ስብም በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። ሆኖም አንዳቸውም ከሦስቱ ሳምንት የአልጋ ቆይታ በኋላ ከነበሩበት የባሰ አቅም አልነበራቸውም። በሌላ አነጋገር ሦስት ሳምንት መተኛት ከ30 ዓመት ዕድሜ ይልቅ ጎድቷቸው ነበር። ከዚያም ለስድስት ወር በእግር ጉዞ፣ በሶምሶማ ሩጫና በብስክሌት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ተለማመዱ። በመጨረሻ አማካይ አቅማቸው በ20 ዓመታቸው፣ ከመተኛታቸው በፊት ወደነበረው ተመለሰ። በወጣትነታቸው ከልምምድ በኋላ የደረሱበትን ከፍታ ግን ማንም አላገኘውም። የመሻሻሉ ምክንያትም የተለየ ነበር፤ ልባቸው በደቂቃ የሚረጨው ከፍተኛ የደም መጠን ሳይጨምር ጡንቻዎቻቸው ከደሙ ኦክስጅን የመውሰድ ችሎታቸው ጨመረ። ክብደታቸው የቀነሰው ከጨመሩት ጥቂቱን ብቻ ነው። ውጤትን በሚዛን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስት ሰው ጥቂት ነው፣ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው ዳላስ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሰፋ ያለ ጥናት ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 የሆኑና ስፖርት የማይሠሩ ወንዶችንና ሴቶችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ልምምድ የሠራው ቡድን የኦክስጅን አጠቃቀሙ በ18 በመቶ ጨመረ፤ እየደደረ የነበረው የግራ ልብ ክፍልም ልስላሴው ተሻሻለ።

የመጀመሪያው ቀን አደጋ

በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የልብ ድካም ድንገት የያዛቸውን ከ1,200 በላይ ሕመምተኞች ከመያዛቸው በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቋል። በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከባድ እንቅስቃሴ በማያደርጉ ሰዎች ዘንድ ከባድ ጥረት በተደረገበት ሰዓት አደጋው ከሌላው ጊዜ ከ100 እጥፍ በላይ ነበር። በሳምንት አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ በሚሠሩት ግን 2.4 እጥፍ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚኖረው መነሻ አደጋ እጅግ ትንሽ በመሆኑ አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። ከጥናቱ የሚወጣው ምክር ከከባድ እንቅስቃሴ አለመጀመር ነው።

ምንም ምልክትና የታወቀ ሕመም የሌለው ሰው ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ለመጀመር ምርመራ መጠበቅ አያስፈልገውም። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም ሲራመድ ደረቱን የሚጨንቀው ወይም ራሱን የሳተ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት። በእንቅስቃሴ መካከል ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ከመጣ ወዲያውኑ ማቆምና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ሰዎች በእንቅስቃሴ ጊዜ ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድ ስለሚችል ጣፋጭ ነገር ይዘው ይወጣሉ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አቴኖሎል፣ የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ ከላይ የተጠቀሰው ስሌት ለሚወስዷቸው ሰዎች አይሠራም።

አጀማመር

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህ መድረሻ እንጂ መነሻ አይደለም፤ መመሪያው ራሱ ጥቂትም ቢሆን ከምንም እንደሚሻል ይገልጻል። መካከለኛ የሚባለው እየሠሩ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ለሯጮች በስፋት የሚሠራበት በ1996 እ.ኤ.አ. ጆሽ ክላርክ ያዘጋጀው የዘጠኝ ሳምንት መርሐ ግብር ሲሆን በመጀመሪያው ሳምንት 60 ሴኮንድ ሶምሶማ ከ90 ሴኮንድ እርምጃ ጋር ይፈራረቃል።

ጅማትና ጡንቻ

ልብና ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ሲሻሻሉ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፤ የሚደርሰው ደም ጥቂት ነውና። ስለዚህ ጉዳት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰውየው «አሁን ተሻለኝ» ብሎ በሚጨምርበት ወቅት ነው። የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾች በተለይ ይጋለጣሉ። የተረከዝ ጅማት መበጠስ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ፣ ድንገት በመነሣት ወይም በመዝለል ነው፤ የተጎዳው ሰው አንድ ሰው ከኋላ የመታው ይመስለዋል። ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ባሉት ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት የሚሰማው የጡንቻ መዛል ግን የተለመደ ነው። ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ጡንቻ ክፉኛ እንደተጎዳ ስለሚያመለክት በአስቸኳይ መታከም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ጎልማሶች ማለዳ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎችና በእንጦጦ ሲለማመዱ ይታያሉ። ደረጃ መውጣት ትንፋሽን ይፈትናል፤ በማግስቱ ጭንን የሚያሳምመው ግን በአብዛኛው መውረዱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ሩብ ያህል ያንሳል። ከውጭ አገር መጥተው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚሳተፉ ሰዎች በአገራቸው የለመዱትን ፍጥነት እዚህ መጠበቅ ያስቸግራቸዋል። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ መንገዱን የሚጨርሱት እየተራመዱና እየጨፈሩ ነው።