የሪፈር ወረቀቷ ታሪክ፦ ከከሚሴ እስከ ደሴ

እኛ የከተማ ልጆች ሆዳችንን ሲቆርጠን ቀጥታ ስፔሻሊስት ጋ ነው የምንሮጠው። ገንዘብ ካለ ማለት ነው። ከሌለ ዝንጅብል አለ። «ሪፈር» የምትባለው ወረቀትማ አሰልቺ ቢሮክራሲ ነው የምትመስለን። እስቲ ዛሬ ወረቀቷን ይዘን ወደ ከሚሴ፣ ወደ አማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጎራ እንበል። ድሀ ላሙን ሳይሸጥ እንዲታከም የተሞከረው ነገር ግማሹ ያለው እዚህች ወረቀት ላይ ነው።

ከቅሬ እንጀምር። አዲስ አበቤ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሬሳ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርሰውም ያው የቅሬው ሰው ነው። የቅሬ ዋና ሥራ ግን ከሞት በኋላ ነው። ከሞት በፊት ያለው ሒሳብ፣ ካርዱ፣ ምርመራውና መድኃኒቱ የቤተሰቡ ዕዳ ነበር።

መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ አወጣ። ቀድሞ ጤና ጣቢያ ከበሽተኛ የሚሰበስበው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ነበር የሚገባው። ከለውጡ በኋላ ገንዘቡ እዚያው ቀርቶ መድኃኒት እንዲገዛበት ተፈቀደ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን መጣ፤ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላና ሁለት ሠራተኞች። መሰላሉ እንዲህ ሆነ፦ የደዋ ጨፋ ገበሬ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፣ ከበደበት ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ።

መሰላሉ አለ፤ መውጫ ብር ግን የለም። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ተመረጡ። ተሁለደሬ ከደሴ ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ያለችበት ወረዳ ነው። አሠራሩ ከቅሬ ብዙም አይርቅም። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው፤ የታመመው ብቻ ቢመዘገብ ገንዘቡ ወዲያው ያልቃላ! በሙከራው ጊዜ መዋጮው ላይ የፌዴራል መንግሥት 25 በመቶ ይጨምር ነበር፤ የድሀ ድሀ ለሆኑት ክልልና ወረዳ ይከፍላሉ።

ወረቀቷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በሙከራው ሕግ ጤና ጣቢያውን ዘሎ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ አባል የሒሳቡን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ጨካኝ ሕግ ይመስላል። ግን ለወባ ሁሉ ደሴ ከተኬደ የገበሬው መዋጮ ለስንት ቀን ይበቃል? ጤና መኮንኑ ወባውን እዚያው ካከመ ስፔሻሊስቱ ለቀዶ ሕክምና ጊዜ ያገኛል፤ ቋቱም ይተርፋል።

ይህ የሚሠራው ግን ሐኪሞቹ ከተነጋገሩ ነው። ለዚህ በየሆስፒታሉ የላያዘን ክፍል ተቋቋመ፤ ሥራው ቀድሞ ደውሎ አልጋ መጠየቅ፣ የተላከን በሽተኛ መቀበል ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሆስፒታሎች በየአካባቢያቸው ተቧድነው፣ የተሻለው ሌላውን የሚያስተምርበት ጥምረት ተጀመረ። ደካማው ቦታ መልሱ ነው። የላይኛው ሐኪም «ይህን አገኘሁ፣ ይህን አድርጉ» ብሎ ለላኪው መጻፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጻፍም። ስለዚህ ያው ምርመራ ይደገማል፣ ያው ብር ሁለቴ ይወጣል።

ሰንሰለት ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ወሎ በደንብ አይቷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን አዳረሰ፤ የደሴው ሆስፒታልም ተዘረፈ። የተጎዳችው ደሴ ብቻ አይደለችም። የከሚሴው ሐኪም «ወደ ላይ» ብሎ ሊጽፍ ቢነሣ፣ ላይ የሚቀበል አልነበረም።

ዛሬ መድኑ ከሙከራ አልፎ በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። የአባሉ እሮሮ ደግሞ አንድ ነው፦ «ደብተሩን አሳድሼ መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ እባላለሁ!» መድኑ ለሆስፒታል በጊዜ ካልከፈለ ሆስፒታል መድኃኒት አይገዛም፤ መድኃኒት ካጣ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት አያሳድስም፤ እሱ ካላሳደሰ ቋቱ ይደርቃል።

ቅሬ ዘመን የተሻገረው ሰው ያዋጣው በችግሩ ቀን እንደሚመለስለት በዓይኑ ስላየ ነው። የጤና መድንም ከዚህ ውጪ ሌላ ዋስ የለውም።