ስሙ ሌላ፣ ሲኒው ሌላ

ሶማሌ ተራን የመኪና መለዋወጫ ፈልጎ ወደ መርካቶ የወረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ የጠፋው ሁሉ እዚያ ይፈለጋል። ነጋዴው ዕቃውን እያገላበጠ «ኦርጂናል ነው» ይላል፤ ገዢውም እያገላበጠ ይጠራጠራል። እኔ ባለፈው ሰሞን ወደዚያ የሄድኩት ግን በቡና ጉዳይ ነበር።

እዚያው መርካቶ ውስጥ የሐረር፣ የይርጋጨፌና የጅማ የተባለ ጥሬ ቡና ሩብ ሩብ ኪሎ ገዝቼ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ ጥግ ጀበና ጥዳ ለምትውል ወጣት ሰጠኋት። ለየብቻ ቆልታ ለየብቻ እንድታፈላልኝም ለመንኳት። ሦስቱንም በመዳፏ ዘገን ዘገን አድርጋ አየችና ሳቀች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ እኮ አንድ ናቸው። የታጠበ ይርጋጨፌ አረንጓዴ ነው እንጂ እንዲህ ቢጫ አይሆንም።»

የእያንዳንዱን አቦል ቀመስኩ። የሐረሩ ከበድ ያለ ነው፤ የበሰለ ፍሬ ጣዕሙ አፍ ላይ ይቆያል። ይርጋጨፌ ከተባለው ግን የጠበቅሁትን የአበባና የሎሚ ሽታ አጣሁ። ከጅማው ልለየው አልቻልኩም።

ለመሆኑ እነዚህ ስሞች ከየት መጡ? የቡና ስም ብዙ ጊዜ የሚነግረን ከበቀለበት ማሳ ይልቅ የተሰበሰበበትን ገበያና የተጓዘበትን መንገድ ነው። የወለጋው ቡና በነቀምቴ ከተማ ስም ለዓለም ገበያ ቀረበ፤ የከፋውና የኢሉባቦሩ በጅማ ስም ተጠራ። የሐረሩ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ፣ በሐዲድ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ይርጋጨፌም በታጠበ ቡናው ስሙን አስጠራ።

ስም ደግሞ ገንዘብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ የአገሩ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣውም ክርክር በስምምነት የተቋጨው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስሙን በባዕድ አገር ለማስከበር ይህን ያህል ተሟገትን።

በአገር ቤትስ? በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። ስለዚህ የተመረጠው ወደ ወደብ፣ ከምርጫ የወደቀው ወደ ጀበናችን ሄደ። ጆንያው ላይ የሚለጠፈው ስም ግን አልወደቀም፤ ስሙ እዚሁ ቀርቶ ሌላ ፍሬ ተሸከመ። እኔም የተሸጠልኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሳወራ አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንድ መለዋወጫ ነጋዴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ወንድሜ፣ የኛ ዕቃ ኦርጂናሉ ከውጭ ይመጣል። የቡናው ኦርጂናል ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል። እኛ መሐል ላይ ነን።»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስከፍል ግን ወጣቷን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ እውነተኛውን የታጠበ ይርጋጨፌ አፍልታ ታውቅ እንደሆነ።

«አንድ ጊዜ» አለችኝ፣ «ውጭ አገር የሚኖር ሰው ሲመጣ ይዞት መጥቶ።»